አየር ላይ ይቅር ያልኩትን ወንድሜን ቦሌ ስደርስ ጨብጬው አለፍኩ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። የምጽፍልዎት ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው።

አባታችን ያረፈው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። አዲስ አበባ ያሉት ቤተሰቦቼ አባዬን ቀብረው፣ ሰልስቱን አውጥተው፣ ለእኔ የነገሩኝ በዘጠነኛው ቀን ነው። ንጋት ላይ በር ተንኳኳ። ስከፍት የቤተክርስቲያን ጓደኞቼ ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ገና ሳያቸው ገባኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን መርዶው አይደለም። በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳው ወንድሜ ነው። “አባዬን አገናኘኝ” ስለው ሁለቱንም ጊዜ “ተኝቷል” አለኝ። አፈር ከለበሰ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር በቅጡ አውርተን አናውቅም።

ባለፈው ወር እማዬን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሳን በአራተኛው ሰዓት ግድም፣ አትላንቲክ መሀል፣ አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ትንሿ አውሮፕላን ሰማያዊ ውሃ ላይ ብቻዋን ትታያለች። አጠገቤ የነበሩት እናት ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ናቸው። በአንድ እጃቸው የእኔን እጅ፣ በሌላው የነጠላቸውን ጥለት ጨብጠው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ልጆቼን አሰብኩ። ቀጥሎ የመጣብኝ ወንድሜ ነው። ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሸንኮራ ያመጣልኝ ነበር። በጥርሱ ልጦ፣ ትንንሽ አድርጎ ቆራርጦ። አለቀስኩ። “በሰላም ካረፍኩ አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ፣ ሁሉንም እተወዋለሁ” ብዬ ተሳልኩ።

ቦሌ ስወጣ እማዬን ደግፎ ቆሟል። እማዬን ስሜ ስጨርስ ወደ እሱ ዞርኩና እጄን ዘረጋሁለት። “እንኳን ደህና መጣሽ” አለ። “እንኳን ደህና ቆየህ” አልኩ። ጋሪውን ተቀበለኝ፤ በቃ። ሦስት ሳምንት አንድ ቤት እየገባን እየወጣን ከሰላምታ አላለፍንም። ስመለስ ሻንጣዬን ያሰረልኝ እሱ ነው። እዚህ መጥቼ ስፈታው የሽሮው ላስቲክ ላይ በስክሪብቶ ስሜን ጽፎበታል። ስሜንም አይደለም፤ አባዬ ብቻ ይጠራኝ የነበረውን የቤት ስም።

አየር ላይ የተሰማኝ ውሸት ነበር? ወይስ ልበ ደንዳናዋ እኔ ነኝ? ደግሞም ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ይዤ መብረር ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግዜር ያጥናሽ። ከሦስት ዓመት በኋላ የምን ማጽናናት ነው ትይኝ ይሆናል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባነበብኩት ቁጥር የታየችኝ ገና ለቅሶ ላይ ያለች ልጅ ናት። ወደዚያ እመጣለሁ።

አየር ላይ የተሰማሽ ውሸት አልነበረም። አንቺም ልበ ደንዳና አይደለሽም። ግን አየር ላይ የተሰማሽ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ቦሌ ቆሞ ይጠብቅሽ ነበር።

እስቲ ያን ጊዜ የነበርሽበትን ሁኔታ አስቢው። ቤትሽ ብትሆኚ ልጅ ይጣራል፣ ስልክ ይጮኻል፣ የነገ ምሳ ይቋጠራል። ከዳለስ ቦሌ ባለው 13 ሰዓት ገደማ ግን ማንም አይፈልግሽም። የምትሠሪው ነገር የለም። ለዓመታት “ቆይ፣ አሁን አይደለም” ስትያቸው የኖርሽ ሐሳቦች ብቅ የሚሉት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሰውነትሽም የራሱ ጣጣ ነበረው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር ይቀራረባል። አዲስ አበባ ያለችው 2,300 ሜትር ግድም ላይ ነው። ገና አትላንቲክ ላይ ሳለሽ ሰውነትሽ የአገርሽን ዓይነት ስስ አየር ይተነፍስ ነበር ማለት ነው። አየሩ ደረቅ ነው፤ እንቅልፍ ይዛባል፤ ጉዞው ያደክማል። እንዲህ ባለ ሰውነት ላይ እንባ ቅርብ ነው።

በዚህ ላይ መንቀጥቀጡ መጣ። “ልሞት ነው” የሚል ሐሳብ ሲመጣ ልብ ወዴት እንደሚሄድ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ብዙ አጥንተዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ላውራ ካርስተንሰንና ባልደረቦቿ ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ግማሽ ሰዓት ትርፍ ጊዜ ብታገኝ ከማን ጋር ታሳልፈዋለህ? ከቅርብ ቤተሰብህ፣ በቅርቡ ያነበብከውን መጽሐፍ ከጻፈው ሰው፣ ወይስ ልትግባባው የምትችል ከሚመስልህ አዲስ ሰው? በዕድሜ የገፉት አብዛኞቹ ቤተሰብን መረጡ። የወጣቶቹ ምርጫ የተበታተነ ነበር። “በቅርቡ ብቻህን ሩቅ ቦታ ልትዛወር ነው” ሲባሉ ግን እነሱም ወደ ቤተሰብ ዞሩ። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ቻይና ልትመለስ በተቃረበች ጊዜም የከተማዋ ወጣቶች እንዲሁ ወደ ቅርብ ሰዎቻቸው አዘንብለው ተገኝተዋል። ጊዜው ያለቀ ሲመስል ሰው የራሱን ሰው ይፈልጋል። አንቺ በዚያ ሃያ ደቂቃ ልጆችሽን አሰብሽ፤ ቀጥሎ ወንድምሽን። ልታይያት የምትሄጂላትን እናትሽን እንኳ አላነሳሽም። ይህን ልብ በይልኝ።

ታዲያ ያ ሁሉ ፍቅር ቦሌ ላይ የት ገባ? ጆርጅ ሎወንስታይን የሚባል ተመራማሪ ስለዚህ ነገር ብዙ ጽፏል። ሰው ስሜቱ ሲግል፣ ቀዝቅዞ ሳለ ምን ያስብ እንደነበር ይጠፋዋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግሎ ያሰበውን ራሱም አያምነውም። ርቦት ገበያ የወጣ ሰው የማይጨርሰውን ሁሉ ገዝቶ እንደሚመለሰው ነው። አየር ላይ ቂምሽን ብትፈልጊውም አታገኚውም ነበር፤ ፍርሃቱ ቦታውን ሁሉ ይዞታል። ቦሌ ስትወጪ ፍርሃቱ ተራግፏል። ፊትሽ የቆመው ሸንኮራ ቆራርጦ የሚሰጥሽ ልጅ አይደለም። “ተኝቷል” ያለሽ ሰው ነው። እጅሽን የዘረጋሽው ለዚያኛው ነው።

ስለቱ ከብዶሽ ከሆነ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። እኔ የምለው ስለ እርቁ ነው። በሞት ፍርሃት የተደረገ እርቅ ብዙ አይዘልቅም። “ነገ ለምንሞት ምን አለበት” ተብሎ የተተወ ነገር፣ ነገ ሳንሞት ስንቀር ተመልሶ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ተቃቅፈው ታርቀው፣ አርባው ሳይወጣ መልሰው የተኳረፉ ወንድማማቾች አታውቂም? እኔ ብዙ አይቻለሁ። ጥፋቱ ስሙ ሳይጠራ፣ “እንዲህ አድርገኸኝ ነበር” ሳይባል ነው የታለፈው። ስለዚህ ቦሌ ላይ ባለመጠምጠምሽ ብዙም አልቆጭም። ተጠምጥመሽ ቢሆን ኖሮ ያ “ተኝቷል” ሳይነገር ሊቀር ይችል ነበር።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ። ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ስትቆዪ አባትሽ መቃብር ሄድሽ? አልነገርሽኝም። ሄደሽ ከሆነ ለምን ሳታነሺው ቀረሽ? ካልሄድሽ ደግሞ ምን ከለከለሽ? ምናልባት የሚወስድሽ ሰው ወንድምሽ ስለሆነ ይሆን?

በእኛ አገር ቀብር ቶሎ ነው። ሌሊት ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ከሰዓት ይቀበራል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ትኬት እስኪቆርጥ ሁሉም ነገር አልቋል። አንቺ ሬሳውን አላየሽም። ድንኳን ውስጥ አልተቀመጥሽም። አፈር ሲመለስ አልሰማሽም። እዚያው አሜሪካ ሰው መጥቶ አስተዛዝኖሻል፤ ግን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ምን እንደሚባል አውቃለሁ። “ለልጁ ስትይ፣ ተይ አታልቅሺ።” እንባሽን ውጠሽ ወለድሽ፣ አጠባሽ፣ ሥራ ተመለስሽ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለወደቀው አውሮፕላን ሳታስቢ አትቀሪም። በረራ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ አውሮፕላኑ ሲንቀጠቀጥ እሱን ያስባል። 157 ሰው ነው ያለቀው። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ ሳጥኖች ቆሙ። አስከሬን ግን አልነበረባቸውም። ለቤተሰቦች የተሰጣቸው ከስፍራው የተዘገነ አፈር ነው። እናቶች ባዶ ሳጥን ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ያየን ሁሉ አንረሳውም። እነዚያ እናቶች ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ያውቃሉ። ሆኖም ለቅሶ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፤ አፈርም ቢሆን። አንቺ ያም አልነበረሽም። ለቅሶሽ የሚያርፍበት ሲያጣ ወንድምሽ ላይ አረፈ። በአባትሽ ሞት ልትጮሂ የሚገባሽን ጩኸት በእሱ ውሸት ላይ ጮኽሽው።

ይህን ስል እሱ አላጠፋም ማለቴ አይደለም። ሐሳቤን ሳልደብቅ ልናገር፤ ውጭ ላለ ሰው መርዶ ማቆየት አሁን መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ። ልማዱ ከክፋት አልመጣም። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ሥራ ቦታ ወይም መንገድ ላይ ሳለ ክፉ ወሬ እንዳይሰማ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይቆይልን። ግን ጓደኛ ለማሰባሰብ አንድ ቀን ይበቃል፤ ዘጠኝ ቀን አያስፈልግም። ደግሞም ዛሬ ወሬ አይደበቅም። የአባቱን ሞት ፌስቡክ ላይ ያየ ሰው አነጋግሬ አውቃለሁ። “ነፍስ ይማር” የሚለው ጽሑፍ ሥር የራሱን ቤተሰብ ፎቶ አየ። እንዲህ ያለ ቁስል ቶሎ አይድንም። የተደበቀበት ሰው ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ማመን ያቅተዋል። ስልክ ሲደውል “ደህና ናቸው” ሲሉት አያምንም። አንቺም አሁን እናትሽ ጋ ስትደውዪና ስልኩ ቶሎ ሳይነሳ ሲቀር ምን እንደሚሰማሽ እገምታለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እንዳይነገርሽ የወሰነው ማነው? ወንድምሽ ብቻውን ነው? በአብዛኛው ቤት ይህን የሚወስኑት እናት፣ አክስት፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። “ነፍሰ ጡር ናት፣ ጉድ እንዳትሠሩን” ይባላል። ውሳኔው የሁሉም ሆኖ ስልኩን የሚያነሳው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው አባቱን ትናንት ቀብሮ፣ ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ቀና ሲል ውሎ፣ ስልክ ይጮኻል። ታናሽ እህቱ ናት። “አባዬን አገናኘኝ” ትላለች። ከዚያ ወዲህ “ተኝቷል” የሚለውን ቃል እሱ የረሳው ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ቃል የተናገረውንም ይከተለዋል። ሽሮ ላስቲክ ላይ የአባትሽን ጥሪ የጻፈ ሰው ዝም ያለ ሰው አይደለም። መናገሪያ ያጣ ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? መጀመሪያ፣ ትልቁን ነገር ተዪው። “እታረቀዋለሁ” የሚል ውሳኔ ለዕለት ኑሮ ይከብዳል፤ እንደ አየሩ ላይ ስለት በንኖ ይቀራል። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰው ባጠኑት መሠረት፣ “አደርገዋለሁ” ብሎ ብቻ ከሚያስብ ሰው ይልቅ “በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ፣ እንዲህ ሲሆን አደርገዋለሁ” ብሎ የቆረጠ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይበልጣል። ስለዚህ ቀን ቁረጪ። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ ልጆቹ ቁርስ በልተው ሲነሱ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ቤት ይሆናል። ቪዲዮ አያስፈልግም። ፊት ለፊት መተያየቱ ለመጀመሪያ ቀን ይከብዳል።

ስትደውዪ ክስ ይዘሽ አትጀምሪ። ይቅርታም ለመስጠት አትቸኩዪ። ጠይቂው። አባዬ በመጨረሻው ቀን ምን አለ? ማን ነበር አጠገቡ? የት አረፈ፣ ዛፍ አለው ወይ? ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ ያውራልሽ። ምናልባት በአንድ ስልክ አያልቅም። ታለቅሺያለሽ፤ አልቅሺ። አሁን “ለልጁ ስትይ” የሚልሽ የለም። እሱም ሊያለቅስ ይችላል፤ ዝም በይና አዳምጪው። ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ቀን ወይም በሌላ ጊዜ፣ “ተኝቷል ያልከኝ እስከ ዛሬ ያመኛል” በይው። በዚህችው ቃል። ምክንያት ሲደረድር ብትሰሚ አትደንግጪ፤ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው። ምናልባት “አጥፍቻለሁ” ላይል ይችላል፤ ያንን አስቀድሜ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ቢያንስ ግን ለሦስት ዓመት ጉሮሮሽ ላይ የቆመው ነገር ይወጣል።

አንድ ሌላ ነገር አደራ እላለሁ። እናታችሁ እያረጁ ነው። ከእሱ ጋር ስትግባቡ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ወሬው እንዴት እንደሚነገርሽ ተነጋገሩ። ይህን ማንሳት ለብዙዎቻችን ሟርት ይመስላል። አይደለም። “ሲታመሙ የዚያኑ ቀን ንገረኝ። ካረፉ ለባለቤቴ ደውልና እሱ ይንገረኝ፤ ከአንድ ቀን አታሳልፈው። እስክመጣ ቀብር አይቆይም፣ አውቃለሁ፤ ግን ስልክ ከፍተህ አሳየኝ” በይው። የሚመችሽን አንቺ ታውቂያለሽ። ቃል ከተገባባችሁ “ደህና ናቸው” ሲልሽ ታምኚዋለሽ።

ስለ በረራው ፍርሃት ብዙ አልልም፤ ዋናው ሕመም እሱ አይደለምና። ያ መንቀጥቀጥ እርስ በእርሱ የተጋጨ ነፋስ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ብርቱ የአየር ጅረት አለ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ አውሮፕላኖችም ብዙ ጊዜ እሱን ተከትለው ይበራሉ። ክንፉ ሲወዛወዝ ያየሽው እንዳይሰበር ተብሎ እንዲታጠፍ ስለተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጎዱት በአብዛኛው ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልጆቹን ይዘሽ ስትሄጂ ምልክቱ ቢጠፋም እንደተቀመጣችሁ ቀበቷችሁ አይፈታ። ሲንቀጠቀጥ ትንፋሽሽን ወደ ውጭ ረዘም አድርገሽ ልቀቂው፤ እግርሽን ወለሉ ላይ አሳርፊ። ልጆችሽ ፊትሽን ያያሉ። እነዚያ እናት ያንቺን እጅ እንደያዙት የእነሱን እጅ ያዢ። ወራት አልፈውም ትኬት መቁረጥ ካቃተሽ ግን እዚያው አጠገብሽ ያለ ባለሙያ አማክሪ፤ በደንብ የሚታከም ነገር ነው።

ከልጆቹ ጋር ስትሄጂ ደግሞ ከቦሌ ወደ ቤት፣ ወይም በማግስቱ፣ ወንድምሽ መቃብሩ ጋ ይውሰድሽ። ሁለታችሁ ብቻ ሂዱ።

እስከዚያው ቅዳሜ ደውዪለት። መጀመሪያ ምን ልበል ካልሽ፣ “ሽሮው በደህና ገብቷል” በይው። “ላስቲኩ ላይ የጻፍከውን አየሁት” በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ።